ከፒያሳ እስከ ለገሃር በሰባት ሴንቲሜትር ታኮ

እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ከአራዳ ጊዮርጊስ ቅዳሴ የወጣው ሰው ነጠላውን እንዳጣፋ በየአቅጣጫው ይበተናል። እኔና እናቴ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ብዙም ሳንርቅ ቆመናል። እሷ በግራ እጇ ምርኩዟን፣ በቀኝ እጇ የእኔን ክንድ ይዛለች። እኔ ነጠላ ጫማዬን አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ፤ አሁን ያለሁት ሰባት ሴንቲሜትር ታኮ ላይ ነው። ማን ማንን እንደደገፈ ለሚያየን ሰው ግራ ሳይገባው አልቀረም።

«መሬት መሬቱን አትዪ» አለችኝ። «የምትሄጂበትን እዪ። አንገትሽ ካጎነበሰ ወገብሽም ይከተላል፤ ከዚያ መውደቅ ነው።»

ነገሩ የተጀመረው የሁላችን መጨረሻ የሆነችው እህቴ የሰርጓን ቀን በቆረጠች ማግስት ነው። ታላቋ ነኝና ከሙሽሮቹ ጋር መግባት ይጠበቅብኛል። ቀሚሱ ረጅም ነው፤ ያለ ታኮ መሬት ይጠርጋል። እኔ ደግሞ ከስድስት ዓመት በፊት የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ፣ በእልልታና በካሜራ መካከል፣ የአዳራሹ ደረጃ አዳልጦኝ እግሬ ወለም ካለኝ ወዲህ ባለ ታኮ ጫማ ነክቼ አላውቅም። ሕመሙ በሦስት ሳምንት ለቀቀኝ። ቪዲዮው ግን ዛሬም አለ።

«አንቺ ቁጭ ብለሽ ፎቶ ብቻ ትነሻለሽ» አለችኝ እህቴ እየሳቀች። አብሬያት ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ቤትና ቢሮ አስተዳድራለሁ፤ አንዲት ደረጃ እንዴት አሸነፈችኝ?

እናቴ ይህን ስትሰማ «እኔ እያለሁ?» አለች።

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ተሰቅሏል። በ1963 ዓ.ም. የተነሳችው ነው። የሃያ ዓመቷ እናቴ አፍሮ ጸጉሯን አጎፍራ፣ አጭር ቀሚስ ለብሳ፣ ቀጭን ታኮ ተጫምታ ቸርችል ጎዳና ላይ ቆማለች። ያኔ ከሠራተኛ ሰፈር ተነስታ ለገሃር አጠገብ ወዳለ መሥሪያ ቤት ትሄድ የነበረች የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ናት። እኛ ልጆቿ ያደግነው «እናታችሁ ቸርችልን በታኮ ነበር የምትመላለሰው» ሲባል እየሰማን ነው። ዛሬ 74 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። የለመደችው መንገድ ላይ ወስዳ ልታስተምረኝ ወሰነች።

መጀመሪያ ሳሎን ውስጥ

መንገዱ ላይ ከመውጣታችን በፊት ግን አራት ሳምንት ቤት ውስጥ ከረምን።

ጫማው የተገዛው ከሰዓት በኋላ ነው። እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆምና ሲሄድ ስለሚያብጥ ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ማታ ይጨንቃል። ሁለቱም እግሮች ይለካሉ፤ ብዙ ሰው አንዱ እግሩ ከሌላው ጥቂት ይበልጣል፤ የሚገዛው በትልቁ ልክ ነው። እናቴ ሱቁ ውስጥ እያንዳንዱን ጫማ ባንኮኒ ላይ አስቀምጣ በአንድ ጣቷ ገፋ ታደርገዋለች። የተወዛወዘውን ሳትለካኝ ትመልሳለች። «ባዶውን መቆም ያቃተው አንቺን ተሸክሞ ይቆማል?»

እኔ ዓይኔን የጣልሁት አሥር ሴንቲሜትር ቀጭን ታኮ ላይ ነበር። እሷ መጀመሪያ ያስገዛችኝ አራት ሴንቲሜትር ወፍራም ታኮ ነው። ሰባቱን ያየሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ እሱም ወፍራም ታኮ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ማሰሪያ ያለው። ማሰሪያው ለጌጥ ብቻ አይደለም። ታኮ ከፍ ሲል ክብደታችን ወደ ፊት ስለሚሄድ እግር ወደ ጫማው አፍንጫ ይንሸራተታል፤ ጣቶች የሚላጡትም በዚህ ምክንያት ነው። ማሰሪያው እግርን ባለበት ይይዘዋል።

ከሱቅ በቀጥታ የሄድነው ሰፈራችን ጥግ ላይ ወደሚሠሩ ጫማ ሰፊ ዘንድ ነው። አዲሱን ሶል በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉልኝና «አሁን ሴራሚክ አያንሸራትትሽም» አሉኝ። ታኮው ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ጎማም አሳዩኝ። «ይቺ ስታልቅ ነይ። ጎማዋ ካለቀች ብረቱ ወይም ፕላስቲኩ ነው መሬት የሚነካው፤ ያኔ በረዶ ላይ እንደመሄድ ነው።» ሰርግ ላይ ከወደቅሁበት ጫማ ጋር አገናዘብሁት። ያ ጫማ ስድስት ዓመት ሙሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። ቤት ገብቼ ገልብጬ ሳየው የግራው ጎማ የለም። ለካ ስድስት ዓመት ሙሉ ራሴን የወቀስሁት በአንዲት ጎማ ጥፋት ኖሯል።

የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ግን ጫማም አልነበረበትም። ባዶ እግሬን ሳሎኑን በጣቶቼ ቆሜ እንድመላለስ አዘዘችኝ። ወለል ላይ የተዘረጋ ፎጣ በእግሬ ጣቶች እያጨበጥሁ መሳብ፤ ማታ ማታ ደረጃ ጫፍ ላይ በፊት እግሬ ቆሜ ተረከዜን ዝቅ በማድረግ ባቴን ማሳሳብ። ታኮ የሚያዘወትር ሰው የባቱ ጡንቻ እያጠረ ስለሚሄድ ይህ የመጨረሻው ልምምድ ከሁሉም ይበልጣል።

ከዚያ ምንጣፍ ላይ በአራቱ ሴንቲሜትር፣ ቀጥሎ ሴራሚክ ላይ። ርምጃ ያጥራል። ተረከዝ ቀድሞ ይነካል፤ ፊት እግር ወዲያው ይከተላል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ «ጧ» አድርጎ መጣል አካሄድን የፈረስ ያደርገዋል። ጉልበት አይገተርም። ልጄ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ስንት ጊዜ እንደተንገዳገድሁ ይቆጥራል። የስምንት ዓመቷ ልጄ አሮጌ ጫማዬን አጥልቃ ከኋላዬ ስትከተለኝ ግን እናቴ ቀልድ አላወቀችም። «አንቺ አውልቂ! የልጅ አጥንት ገና ነው።» ለአንድ አፍታ ጨዋታ ክፋት የለውም፤ ለማደግ ላይ ላለ እግር ግን ልማድ መሆን የለበትም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ወደ ሰፈራችን መንገድ ወጣን። የአዲስ አበባን የውስጥ ለውስጥ መንገድ የሸፈነው ኮብልስቶን ለስንቱ ወጣት እንጀራ የሆነ፣ ጭቃና አቧራን ከደጃችን ያራቀ በረከት ነው። ለቀጭን ታኮ ግን ወጥመድ ነው። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት ታኮ ይውጣል። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ክብደትን ፊት እግር ላይ አድርጎ የድንጋዩን መካከል እየመረጡ መርገጥ፤ ወይም እስከ አስፋልቱ ድረስ ነጠላ ጫማ። እኔ ሁለተኛውን መርጬ ስሄድ እናቴ ፈገግ አለች። ለምን ፈገግ እንዳለች ያወቅሁት ኋላ ነው።

ፈረሰኛው ሥር

አሁን ወደ እሑዱ ጠዋት ልመለስ። የምኒልክ ሐውልት አጠገብ ስንደርስ እናቴ ለማረፍ ቆመች፤ እኔም ፈረሱንና ፈረሰኛውን ሽቅብ አየሁ። ታኮ የተወለደው ከፈረስ ጋር ነው። የፋርስ ፈረሰኞች ባለ ተረከዝ ጫማ የሚያደርጉት እግራቸው ከእርካቡ እንዳይሾልክና ቆመው ቀስት እንዲወረውሩ ነበር። ፋሽኑ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ መኳንንት ተሻገረ፤ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ቀይ ታኮ በማድረግ ይታወቃል። ዛሬ የሴት የምንለው ጫማ መጀመሪያ የወንድ ነበር። የእኛ አገር ፈረሰኛ ግን ተረከዝ አላስፈለገውም። በባዶ እግሩ ነበርና ትንሽ እርካብ ሠርቶ በአውራ ጣቱ ይይዛታል። ይህን ስነግራት እናቴ «ታዲያ አንቺም በአውራ ጣትሽ ያዢዋ!» ብላ ምርኩዟን አነሳች።

ከሐውልቱ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ስንጓዝ በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ በኩል አለፍን። በዚያው ዓመት ፒያሳ መልኳን ቀይራለች። ዶሮ ማነቂያ የለም። የቆርቆሮ ጣሪያዎቹና ጠባብ መተላለፊያዎቹ በኮሪደር ልማቱ ተነስተው በቦታቸው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና አበባ ተተክሏል።

እውነቱን ለመናገር ለእግሬ ደስ አለው። ንጣፉ እኩል ነው፤ ጉድጓድ የለም፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስኬዳል። መጠንቀቅ ያለብን ለዓይነ ስውራን የተነጠፈውን ጎርበጥባጣ መስመር፣ የፍሳሽ መክደኛ ፍርግርጎችን፣ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ የሚያንሸራትተውን ለስላሳ ንጣፍ ነው።

እናቴ ግን ቆመች። የመጀመሪያ ታኮ ጫማዋን የገዛችበትን ሱቅ ልታሳየኝ ፈልጋ ነበር። የአንድ አርመናዊ ጫማ ቤት ነበር ትላለች። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ በጫማ ሥራ ስማቸው ከተነሳው መካከል አርመኖች አሉበት፤ አሮጌዎቹ የከተማችን ሰዎች የማይረሱትን የ«ዳርማር» ጫማ ፋብሪካ ያቋቋሙትም እነሱ ናቸው።

«እዚህ ጋ ነበር» አለች። ሁለት ርምጃ ሄደች። «አይደለም፤ እዚያ ጋ።» ምርኩዟን ወደ ባዶው ዘረጋችና መለሰችው። ሃምሳ ምናምን ዓመት ዓይኗን ጨፍና የምትሄድበት ሰፈር ውስጥ አቅጣጫ ጠፋት። መለስ ብላ የጊዮርጊስን ጉልላት ፈለገች፤ ከእሱ ተነስታ በጣቷ ቆጠረች። «አዎ፤ አበባው ያለበት ጋ።» አበባው አጠገብ ጥቂት ቆምን። «መንገዱ አምሮበታል» አለች በመጨረሻ፤ «እኔ ነኝ የጠፋሁት።»

ምን እንደምል አላወቅሁም። ክንዷን አጠበቅሁ።

ቁልቁለቱ

ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ሲቆሙ ቸርችል ጎዳና ከእግር ሥር እስከ ለገሃር ተዘርግቶ ይታያል። ርዝመቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የቃላቱ ጉዞ ከመንገዱ ይረዝማል፦ ከጣሊያንኛው «ፒያሳ» ተነስተን፣ በእንግሊዛዊው ቸርችል ስም አልፈን፣ የፈረንሳይኛ «ላ ጋር»ን የእኛ ያደረግንበት ለገሃር እንደርሳለን። «ታኮ» የሚለው ቃልም እንደ ፒያሳ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው።

አዲስ አበባ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው እንጦጦ ወደ ደቡብ የምትወርድ ከተማ ናት። ከላይ ወደ ታች የሚሄድ ሰው ሁሉ ቁልቁለት ይወርዳል። ለታኮ ደግሞ ከባዱ ይህ ነው። ሰባት ሴንቲሜትር ታኮ ሜዳ ላይ ሰባት ነው፤ ቁልቁለት ላይ የመሬቱ ዘንበል ማለት ይጨመርበትና እግር ከዚያ በላይ ያጎነብሳል። ዳገት ላይ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚወጣው መሬት ፊት እግርን ከፍ ስለሚያደርገው ታኮው ያጠረ ያህል ይቀላል። እናቴ በአጭሩ አስቀመጠችው፦ «ታኮ ዳገት ይወዳል፤ ቁልቁለት ይጠላል።»

የመጀመሪያዎቹን ርምጃዎች ስወርድ በደመ ነፍስ ወደ ኋላ ለጠጥ አልሁ። «ተይ! እሱ ነው የሚጥልሽ» አለችኝ። ወደ ኋላ ስንለጠጥ ክብደታችን ሁሉ ታኮው ላይ ያርፋል፤ ታኮው ከተንሸራተተ ሌላ የሚይዘን የለም። ሰውነት ቀጥ፣ ጉልበት ለስለስ፣ ርምጃ አጠር። ዘንበል የሚለው ከባሰ ፊት ለፊት ከመውረድ ሰያፍ ሰያፍ መሄድ። ቴዎድሮስ አደባባይ እስክንደርስ ጭኔ እሳት ሆኗል። ሊሴ ገብረ ማርያምን ስናልፍ ጣቶቼ ማቃጠል ጀመሩ። ጥቁር አንበሳና ፖስታ ቤት አካባቢ ስንደርስ ከእንግዲህ ትምህርት ሳይሆን እልህ ነበር የሚያስኬደኝ። እናቴ በየመቀመጫው ታርፋለች፤ እኔ ከእሷ በላይ ዕረፍቱን እናፍቃለሁ።

ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ አንድ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። «እማዬ፣ እውነት ይህን መንገድ በየቀኑ እንዴት ቻልሽው?» አልኋት።

ዝም አለች። ከዚያ ሳቋ መጣ።

«አልቻልሁትም» አለችኝ።

ቦርሳዋ ውስጥ ሸራ ጫማ ነበራት። ጠዋት ጠዋት ቸርችልን የምትወርደው በሸራ ጫማ ነው። እዚሁ፣ ያኔ በንጉሡ ስም ይጠራ በነበረው ቴአትር ቤት አካባቢ፣ አንድ ሊስትሮ ልጅ ነበር። እሱ ጋ ቁጭ ትላለች፤ ታኮዋን ይወለውልላታል፤ ቀይራ ቢሮዋ ትገባለች። ማታ ስትመለስ ግን ዳገት ነው። ታኮ ደግሞ ዳገት ይወዳል። ፒያሳ በሽርሽር የምትሞላውም፣ ጎረምሳው ጥግ ጥጉን የሚደረደረውም ማታ ነው። «ሰው ያየኝ ስወጣ ነው፤ ስወርድ ማንም አላየኝም።»

ስንት ዓመት ያንን ፎቶ እያየሁ ራሴን ከእሷ ጋር ስለካ ኖሬያለሁ። ልጆቿ ሁሉ። እሷ ግን ደብቃን አልነበረም፤ የጠየቃት ሰው አልነበረም እንጂ። ቦርሳዬን ከፈትሁና ነጠላ ጫማዬን አወጣሁ። እስከ ለገሃሩ የአንበሳ ሐውልት የቀረችውን መንገድ እየተጫወትን ሄድን፤ በዚያ ጉዞ ሁሉ እግሬ ሳይሆን ዓይኔ መንገዱ ላይ የነበረው ያኔ ብቻ ነው። ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ የአሮጌው ጣቢያ ሕንፃ ዛሬም ቆሟል። እናቴ «እሱ አልጠፋም» አለችና በጣቷ አሳየችኝ።

ዳገቱ

ስንመለስ በታክሲ ነው። ቴዎድሮስ አደባባይ ስንደርስ «አንቺ እዚህ ውረጂ» አለችኝ። «ታኮሽን አድርጊና ውጪ። እኔ ላይ እጠብቅሻለሁ።»

ብቻዬን ወጣሁ። አጠር ያለ ርምጃ፣ ተረከዝ ቀድሞ፣ አንገት ቀና። የሚይዘኝ ክንድ አልነበረም። እውነትም ዳገቱ ከቁልቁለቱ ይሻላል፤ ትንፋሽ ይቆርጣል እንጂ እግር አይከዳም። መካከል ላይ አንድ ጊዜ ተንገዳገድሁና ቆምሁ። ማንም አልሳቀም። ማንም አላየኝም። ደግሞ ቀጠልሁ። ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ምርኩዟን ይዛ የቆመችው እናቴ ከሩቅ ታየችኝ፤ ፎቶው ውስጥ እንደቆመችው ነው የቆመችው፤ አንድ እግሯን ቀደም አድርጋ።

ሰርጉ ካለፈ ወር ሆኖታል። የአዳራሹን ደረጃ አስቀድሜ ሄጄ አይቼው ነበር፤ አሥራ አንድ ነው። በእጄ ቀሚሴን ትንሽ ሰብሰብ፣ እግሬን ሙሉ በሙሉ ደረጃው ላይ፣ መደገፊያው ካለበት በኩል። ወጣሁት። ሙሽሮቹ እስኪቀመጡ፣ ፎቶው እስኪያልቅ፣ ሁለት ሰዓት ያህል በታኮዬ ቆየሁ። ጭፈራው ሲጀመር እናቴ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ፌስታል በእግሯ ወደ እኔ ገፋች። ነጠላ ጫማዬ ነበር። እስክስታ እንደሆነ ታኮ አይፈልግም።

ለመሞከር የምታስቡ እናቶችና እህቶች ጊዜ ስጡት፤ ለሰርግ ሳምንት ሲቀር የሚጀመር ነገር አይደለም። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ ጉልበት ወይም ወገብ የሚያማችሁ ከሆነ፣ ስኳር ካለባችሁ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትጀምሩ። መኪና ስትነዱ አውልቁት። ቸርችልን ለመሞከር ካሰባችሁ ደግሞ እሑድ ጠዋት ሂዱ፤ ከታች ወደ ላይ። እናታችሁ በሕይወት ካለች ይዛችኋት ሂዱና ጠይቋት። ቦርሳዋ ውስጥ ምን ይዛ እንደነበር ትነግራችሁ ይሆናል።